ለጂኦካሺንግ ጀማሪ የትኛው ጂፒኤስ ይሻላል? ስልክ፣ ኢትሬክስ እና ጂፒኤስማፕ ሲነጻጸሩ

ጂኦካሺንግ አንድ ሰው ደብቆ ኮኦርዲኔቱን (የቦታውን መለያ ቁጥር) በይፋ ያስታወቀውን ሳጥን ፈልጎ ማግኘት፣ በውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ስምን ማስፈርና ሳጥኑን በነበረበት ሁኔታ መልሶ መደበቅ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚ የሚደርሰውን የሳተላይት ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 መጀመሪያ ሲያቆም፣ እስከ መቶ ሜትር ይደርስ የነበረው ስሕተት በአንድ ሌሊት ወደ ሃያ ሜትርና ከዚያ በታች ወረደ፤ ወዲያውም ሜይ 3 ቀን ዴቭ ኡልመር በኦሪገን ግዛት ቢቨርክሪክ አጠገብ ልዩ ልዩ ዕቃ የያዘ ባልዲ ጫካ ውስጥ አስቀምጦ ኮኦርዲኔቱን በኢንተርኔት አሰራጨ። ያኔ በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ፣ ማለትም ከሳተላይት ምልክት ተቀብሎ ያሉበትን ቦታ የሚያሳይ መሣሪያ፣ የሌለው ሰው ሊጫወት አይችልም ነበር። ዛሬ መቀበያው በየሰው ስልክ ውስጥ ስላለ፣ ጀማሪው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ስልኩ ለዚህ ሥራ ምን እንደሚጎድለው ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

ብዙ ገዢዎች የሚጠይቁት መሣሪያው በስንት ሜትር ልዩነት ቦታን እንደሚያሳይ ነው፤ ለዚህ ጨዋታ ግን የሜትር ጥራት ብዙ ገንዘብ የሚከፈልበት ነገር አይደለም ብዬ አምናለሁ። የሳጥኑ ኮኦርዲኔት የሚጻፈው በዲግሪና በደቂቃ ሲሆን፣ ደቂቃው እስከ ሦስት የአስርዮሽ ቤት ይዘልቃል፤ የመጨረሻዋ አኃዝ በአንድ ብትቀየር ከሰሜን ወደ ደቡብ 1.85 ሜትር ያህል ልዩነት ይመጣል። ሳጥኑን የደበቀው ሰው መሣሪያም የራሱ ስሕተት ነበረው። የእርሱ አራት ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ የእርስዎ ደግሞ አራት ሜትር ወደ ምዕራብ ቢያዘነብል፣ ሁለቱም መሣሪያዎች በደንብ እየሠሩ እርስዎ ከሳጥኑ ስምንት ሜትር ርቀው ይቆማሉ። የ500 ዶላር መሣሪያ የራስዎን ስሕተት ያጠብባል፤ የደበቀውን ሰው ስሕተት ግን ሊያርም አይችልም። የመጨረሻው አሥር ሜትር የዓይን ሥራ ነው፤ የዛፍ ሥር፣ የድንጋይ ካብና የአጥር ብረት ማየት የለመደ ሰው በርካሽ መሣሪያም ያገኛል።

ስለዚህ በከተማ ለሚጫወት ሰው ስልኩ ይበቃዋል። በሲያትል፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በለንደን መናፈሻዎች ለሚፈልግ ጀማሪ፣ ካርታው፣ የሳጥኑ መግለጫና የደባቂው ፍንጭ በአንድ መተግበሪያ ላይ ይገኛሉ፤ ስልኩ ከኔትወርኩ እየታገዘ ቦታውን ቶሎ ይይዛል፤ በሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚቀበሉት አዳዲሶቹ ስልኮችም በጥራት ከብዙ የእጅ ጂፒኤሶች አያንሱም። በነፃ አባልነት የማይከፈቱ ሳጥኖች ስላሉ፣ መሣሪያ ከመግዛት በፊት የአንድ ዓመት የአባልነት ክፍያ መክፈል የተሻለ ወጪ ነው። ስልክ የሚሸነፈው ከከተማ ሲወጡ ነው። ስክሪኑ በዝናብ የጣትን ንክኪ አይለይም፣ በብርድ ባትሪው ቶሎ ይወርዳል፣ ድንጋይ ላይ ከወደቀ ደግሞ የሚሰበረው ለድንገተኛ ችግር ሰው ሊጠሩበት የያዙት ብቸኛ ዕቃ ነው። የእጅ ጂፒኤስ የሚገዛበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው፤ ስልኩ በቦርሳ ውስጥ ተጠብቆ ይቆያል።

በዚህ ገበያ ኢትሬክስንና ጂፒኤስማፕን የሚሠራው የጋርሚን ኩባንያ ምርቶች ስለሚበዙ ንጽጽሩም በእነርሱ ላይ ያተኩራል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዋጋዎች መሣሪያዎቹ ሲወጡ በአሜሪካ የተተመኑላቸው ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኢትሬክስ ኤስኢ በ150 ዶላር ተሸጧል። በሁለት ደብል ኤ ባትሪ ድንጋይ በተለመደው አሠራር እስከ 168 ሰዓት ይቆያል ተብሏል፤ ይህም ማለት በየሳምንቱ መጨረሻ ለሚወጣ ሰው ባትሪ የወራት ጉዳይ እንጂ የየቀኑ ሐሳብ አይሆንም። ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ በጠራራ ፀሐይ በግልጽ ይነበባል፤ ካርታ ግን የለውም፣ በዋናነት በቀስትና በርቀት ነው የሚመራው። የሳጥኖቹን መረጃ በብሉቱዝ ከስልክ ይቀበላል። መንገዱን በስልኩ አይቶ ከመኪና ለሚወርድ ጀማሪ ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ መሣሪያ አላውቅም።

ብዙ ሰው የሚያመነታው ግን በኢትሬክስ 22ኤክስ እና በኢትሬክስ 32ኤክስ መካከል ነው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2019 ወጡ፤ ሁለቱም ባለቀለም 2.2 ኢንች ስክሪንና የተጫነ ካርታ አላቸው፣ በሁለት ደብል ኤ ባትሪ 25 ሰዓት ይሠራሉ። የመጀመሪያው 200፣ ሁለተኛው 300 ዶላር ነበር። በመቶ ዶላሩ የሚገኘው የአየር ግፊት ከፍታ መለኪያና የኤሌክትሮኒክ ኮምፓስ ነው። ለተራ ተጓዥ ኮምፓሱ ትርፍ ሊመስል ይችላል፤ ሳጥን ለሚፈልግ ሰው ግን ልዩነቱ ሁሉ በእርሱ ላይ ነው። ኮምፓስ የሌለው ጂፒኤስ አቅጣጫን የሚያውቀው ከሰከንድ በፊት የነበሩበትን ቦታ አሁን ካሉበት ጋር እያነጻጸረ ስለሆነ፣ በፍጥነት ሲራመዱ ቀስቱ በትክክል ያመለክታል፤ ሲቆሙ ወይም በዝግታ ሲንቀሳቀሱ ግን የምልክቱ ትንንሽ መዋዠቅ እንደ እርምጃ ስለሚቆጠር ቀስቱ ወዲያና ወዲህ ይዞራል። ፈላጊው የሚቆመውና የሚያጎነብሰው ደግሞ ልክ ሳጥኑ አጠገብ ሲደርስ ነው። በዚህ ምክንያት 22ኤክስ ጥሩ መሣሪያ ቢሆንም ለጂኦካሺንግ አልመርጠውም፤ ባለ 150 ዶላሩ ኤስኢ እንኳ ኮምፓስ አለውና። 32ኤክስን የሚመርጥ ሰው ባትሪ በቀየረ ቁጥር ኮምፓሱን በመመሪያው መሠረት እንደገና ማስተካከል እንዳለበት፣ ከኮምፒውተር የሚገናኘውም በገመድ እንደሆነ ይወቅ።

ጂፒኤስማፕ 67 እ.ኤ.አ. በ2023 በ500 ዶላር የወጣ፣ ከብዙ የሳተላይት ሥርዓቶች በበርካታ ፍሪኩዌንሲዎች የሚቀበል፣ ባለ 3 ኢንች ስክሪን መሣሪያ ነው። በዋሽንግተንና በኦሪገን ረጃጅም የጥድ ደኖች ወይም በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ምልክቱ በግንድና በገደል ላይ እየነጠረ ሲመጣ ብልጫው ይታያል። በውስጡ ያለው ባትሪ እስከ 180 ሰዓት ቢሠራም በጉዞ ላይ አውጥተው የሚቀይሩት አይደለም። ባለ 600 ዶላሩ 67አይ በኢሪዲየም ሳተላይት መልእክትና የአደጋ ጥሪ ያስተላልፋል፤ ለዚህም የአገልግሎት ክፍያ አለው። ብቻውን ተራራ ለሚወጣ ሰው ዋጋው ተገቢ ነው፤ ለጀማሪ ግን ይበዛል። ህንድን የመሳሰሉ አገሮች ያለ ፈቃድ የሳተላይት መገናኛ ይዞ መግባትን ስለሚከለክሉ፣ ወደ ኢትዮጵያም ሆነ ወደ ሌላ አገር ይዞት ሊሄድ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ይጠይቅ።

በኢትዮጵያ የተመዘገቡት ሳጥኖች ከአሜሪካና ከአውሮፓ ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ስለሆኑ፣ ለዚያ ብቻ ብሎ መሣሪያ መግዛት አይመከርም። አገር ቤት ሄዶ በገጠር ለሚዘዋወር ሰው ግን የባትሪ ድንጋይ በየሱቁ መገኘቱ ለኢትሬክሶቹ ትልቅ ብልጫ ይሰጣል፤ ርካሹ ድንጋይ ቶሎ ስለሚያልቅ አልካላይን ወይም ዳግም የሚሞላ ይመረጣል፣ የባትሪውም ዓይነት በመሣሪያው ቅንብር ላይ መመረጥ አለበት።

ያገለገለ መሣሪያ የሚገዛ ሰው የባትሪ ቤቱን ከፍቶ ዝገት መኖር አለመኖሩን፣ የጎን ላስቲኩም አለመሰንጠቁን ይመልከት። ከዚያም ከቤት ውጭ አብርቶ ቀኑን ያንብብ፤ የጂፒኤስ የሳምንት ቆጠራ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 6 ቀን 2019 እንደገና ከዜሮ ስለጀመረ፣ ሶፍትዌራቸው ያልታደሰ አንዳንድ አሮጌ መሣሪያዎች የተሳሳተ ቀን ያሳያሉ። ኮምፓሱን ግን ሳተላይት ስለማይፈልግ በሱቁ ውስጥ መፈተን ይቻላል፤ ከብረት መደርደሪያው ራቅ ብለው ይቁሙ፣ ኮምፓሱን ያስተካክሉ፣ ቦታዎን ሳይለቁ በዝግታ ይዙሩ፣ መርፌውም ሳይንቀጠቀጥ ወደ ሰሜን ማመልከቱን ከቀጠለ ይግዙት።