ከዲሽ የወረደ አሮጌ ኬብል ለሬዲዮ ስካነር፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ከጣሪያ የወረደ የዲሽ ኬብል ካላችሁ እንዳትጥሉት። ኮምፒውተር ላይ ከምሰካው የኤስዲአር መቀበያ (በሶፍትዌር የሚሠራ ሬዲዮ፣ ስካነሬ እሱ ነው) ጋር ወራት ተጠቅሜበታለሁ። ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ ከብዙ አዲስ ቀጭን ኬብል ይበልጣል።

ሰው ሁሉ የሚፈራው አንድ ነገር ነው። የዲሽ ኬብል 75 ኦም ነው (ኦም ኬብልና መሣሪያ ለሲግናል የሚያሳዩት ተቃውሞ መለኪያ ነው፤ ካልተመሳሰለ ከሲግናሉ ጥቂቱ ይመለሳል)፣ ስካነሩ ደግሞ 50 ኦም፣ ስለዚህ «አይሄድም» ይባላል። ሂሳቡን ስትሠሩት ግን በዚህ ልዩነት ወደ ኋላ የሚመለሰው ከሲግናሉ ጉልበት 4 በመቶው ብቻ ነው፤ የሲግናል መቀነስ በሚለካበት በዲሲቤል 0.2 እንኳ አይሞላም። ጆሮ አይለየውም። ሲግናል የሚበላው ርዝመቱ ነው። አርጂ-6 የሚባለው የዲሽ ኬብል በ1,000 ሜጋኸርዝ አካባቢ በ100 ሜትር 20 ዲሲቤል ገደማ ይበላል፤ ቀጭኑ 50 ኦም አርጂ-58 ግን ከዚያ እጥፍ በላይ። ይህም የሚገርም አይደለም፤ ከዲሹ ወደ ሪሲቨሩ የሚወርደው ሲግናል ከ950 እስከ 2,150 ሜጋኸርዝ ስለሆነ ኬብሉ የተሠራው ለዚያ ነው። አውሮፕላኖች ቦታቸውን የሚናገሩበት 1,090 ሜጋኸርዝ እዚያው መሀል ይወድቃል። የፓይለቶችን ንግግር ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ለማዳመጥ ደግሞ ዳይፖል የሚባለው ባለ ሁለት ክንድ አንቴና፣ እያንዳንዱ ክንዱ 57 ሴንቲሜትር አካባቢ ሆኖ፣ ይበቃል። ዳይፖል ራሱ 73 ኦም ገደማ ስለሆነ ከዚህ ኬብል ጋር ልክክ ይላል።

ዋናው ጠላት ውኃ ነው። የኬብሉን ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ቆርጣችሁ ጣሉና የላይኛውን ላስቲክ ላጡት። ከሥሩ ያለው የሽቦ መረብ የሚያበራ ከሆነ ደህና ነው። አመድ የመሰለ ዱቄት ጣታችሁ ላይ ከቀረ፣ ወይም የመሀለኛው ሽቦ መዳብ ከጠቆረና አረንጓዴ ከሆነ፣ ውኃ ገብቶበታል። ንጹሕ እስኪሆን ቁረጡ፤ ካልጸዳ ተዉት። በቴስተር ብቻ አትመኑ። ካወረድኳቸው አንዱ ላዩ ሙሉ ጤነኛ ነበር፣ ቴስተሩም መሀለኛው ሽቦ አልተቆረጠም፣ ከመረቡም ጋር አልተነካካም ይላል፣ ኤፍኤም ጣቢያዎችም ጥርት ብለው ይገባሉ፤ 1,090 ላይ ግን አውሮፕላኖቹ ድራሻቸው ጠፋ። ስልጠው ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ሁለት ክንድ ያህል መረቡ ግራጫ ሆኗል። ዝቅ ያለ ፍሪኩዌንሲ የሚታገሠውን ጉዳት ከፍ ያለው አይታገሥም።

ኮኔክተሩ ላይ አትሰስቱ። በእጅ የሚጠመዘዙት ኤፍ ኮኔክተሮች ንፋስና ሙቀት ሲፈራረቅባቸው እየላሉ ሲግናሉ ይመጣል ይጠፋል፤ በማጥበቂያ መሣሪያ ተጨምቀው የሚገቡት ግን እስካሁን ንቅንቅ አላሉም። መረቡ አሉሚኒየም ስለሆነ በሶልደር ልያዘው ብላችሁ አትድከሙ፣ አይዝም። ይህ ኬብል ድርቅ ያለ ነው፤ በቀጥታ መቀበያው ላይ ከተንጠለጠለ ሶኬቱን ይሰብረዋል። በመሀል አጭር ቀጭን ሽቦ ያለው አዳፕተር አስገቡ።

መሀለኛው ሽቦ ማግኔት ቢስብ አትደንግጡ። ውስጡ ብረት፣ ላዩ መዳብ ነው፤ ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ ሲግናሉ የሚሄደው በላዩ ስለሆነ ምንም አይጎዳም። በኬብሉ በኩል ለማጉያ መብራት ለመላክ ካሰባችሁ ግን ሙሉ መዳቡ ይሻላል፣ ብረቱ ቮልቱን ይቀንሰዋል።

አንድ ነገር አደራ። ኬብሉ አሁንም ሪሲቨር ላይ ተሰክቶ ከሆነ መጀመሪያ ንቀሉት። ሪሲቨሩ ወደ ዲሹ 13 ወይም 18 ቮልት ይልካል፤ ያ ኤስዲአራችሁ ውስጥ ከገባ አለቀለት። መንገድ ላይ የቀረውን ማከፋፈያም አውጡት፣ ለሁለት የሚከፍለው ብቻውን ከሲግናሉ ግማሹን ይወስዳል።

ጣሪያ ላይ ያለውን መጋጠሚያ በተራ ናስትሮ አትጠቅልሉት፤ ፀሐይ ሲመታው ሙጫው ይቀልጥና ይላቀቃል። ሲለጠጥ እርስ በርሱ የሚጣበቀው የላስቲክ ቴፕ እኔ ጋ ዝናቡን ሁሉ ችሎ ደርቆ ነው ያገኘሁት። ኬብሉ ቤት ከመግባቱ በፊትም ትንሽ ወደ ታች አጎንብሶ እንዲመለስ አድርጉት፤ ውኃው እዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ተከትሎት አይገባም።