ጎግል ዶክስ በፒዲኤፍ ሲልክ፦ የአንዲት ተርጓሚ አስተያየት

እንጀራዬ ትርጉም ነው። ውል፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ አልፎ አልፎም የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ። ደንበኞቼ አዲስ አበባም አሉ፣ ዋሽንግተንም አሉ። ሁሉንም የምሠራው ጎግል ዶክስ ላይ፣ በኢንተርኔት በሚሠራው የጎግል የጽሑፍ ፕሮግራም ነው፤ ሲያልቅ በፒዲኤፍ እልካለሁ። ስለ ዶክስ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው አንድ ሰነድ ላይ ብዙ ሰው አብሮ መሥራቱ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የመጨረሻዋ ሰዓት ናት። ሥራው ከእጄ ወጥቶ ደንበኛው ስልክ ላይ ሲከፈት ምን ይመስላል?

በዚህ በኩል አያሳፍርም። ፋይል፣ ዳውንሎድ፣ ፒዲኤፍ፤ በቃ። ትልቁ ነገር ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ አብሮ መሄዱ ነው። አማርኛ ጽፎ የላከ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (የዓለም ፊደላት ሁሉ በኮምፒውተር የሚታወቁበት የጋራ መለያ) ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስንት ዘመን ሆነው? ዛሬም ግን በድሮ ፎንት የተለቀመ ወርድ የሚልክልኝ አለ። ፎንቱ ከሌለኝ የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ሆኖ ይከፈታል። በዩኒኮድ የተጻፈ ወርድም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይታመንም። ተቀባዩ ጋ ፎንቱ ከሌለ ሌላ ይተካበታል፣ መስመሩ ይገፋል፣ የፊርማው ቦታ ብቻውን ወደሚቀጥለው ገጽ ይወርዳል። ባዶ ገጽ ላይ ብቻዋን የቆመች የፊርማ መስመር ያየ ጠበቃ መደወሉ አይቀርም። እውነቱን ነው፤ ማን የትኛው ውል ላይ እንደፈረመ በምን ይታወቃል?

ስለዚህ የውል መጨረሻን ለብቻው አየዋለሁ። የመጨረሻው አንቀጽና የፊርማው ሰንጠረዥ አንድ ገጽ ላይ መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ከአንቀጹ በፊት ኮንትሮልና ኤንተር ተጭኜ ገጹን እሰብራለሁ። ኤንተር እየደጋገሙ መግፋት አይሠራም፤ በኋላ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጨመር ሁሉም ይንሸራተታል። ፒዲኤፍ ከሆነ በኋላ ግን እኔ ጋ ያለው ገጽ ደንበኛውም ጋ ያው ነው።

ፎንት ላይ ትንሽ ጣጣ አለው። ኤሪያል መርጠው አማርኛ ቢጽፉ፣ ኤሪያል የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ፊደሉ ከሌላ ፎንት ይመጣል። ቁጥሩና እንግሊዝኛው በአንድ መልክ፣ አማርኛው በሌላ መልክ ይወጣል። ከፎንቶቹ ዝርዝር «ተጨማሪ» የሚለው ውስጥ ገብቶ ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክን ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን መጨመር ይሻላል። አቢሲኒካም አለ፣ የብራና ጽሑፍ መልክ ያለው፣ ለዓይን ደስ ይላል። ነገር ግን አንድ ውፍረት ብቻ ስለሆነ ርዕስ ማድመቅ ለሚወድ ሰው አይሆንም። ለውል ኖቶ ሴሪፍ፣ ለሰርግ ጥሪ አቢሲኒካ፤ የኔ ምርጫ ይኸው ነው።

የወረቀት መጠን ሌላው ነው። ሰነዱ ኤፎር ይሁን ሌተር መጀመሪያ ማየት ነው። ኤፎር 210 በ297 ሚሊ ሜትር፣ የአሜሪካው ሌተር ደግሞ 216 በ279 ነው። ኤፎር በ18 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። አሜሪካ ያለ ሰው በሙሉ መጠኑ ላትመው ካለ የገጽ ቁጥሩ ሊቆረጥበት ይችላል። ለዋሽንግተኖቹ ከመጀመሪያው በሌተር እሠራለሁ። የገጽ ማስተካከያው ውስጥ አንዱን ቋሚ ምርጫ ማድረግም ይቻላል።

አላላኩስ? እዚያው ፋይል ውስጥ ኢሜይል የሚል አለ፤ ዳውንሎድ ሳያደርጉ ፒዲኤፉን አባሪ አድርጎ ይልካል። ለመሥሪያ ቤት ምቹ ነው። ለሌላው ሁሉ ግን ቴሌግራም ነው፤ ማን ኢሜይል ያያል? የዶክሱን ሊንክ ለደንበኛ መላክ አልወድም። አንዱ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ሌላው ሳያስበው ፊደል ያጠፋል። ስሙንም ከመላክ በፊት አስተካክሉ። ፒዲኤፉ የሰነዱን ርዕስ እንዳለ ስለሚወስድ፣ «ውል የመጨረሻ አዲሱ 2» የሚለው ማዕረግ ደንበኛው ዘንድ ይደርሳል።

የሚጎድለው የይለፍ ቃል ነው። ዶክስ ፒዲኤፉን ቆልፎ አያወጣም፤ የባንክ ወይም የሕክምና ወረቀት ከሆነ በሌላ ፕሮግራም መቆለፍ ያስፈልጋል። ደግሞ ፒዲኤፍ ስለሆነ ማንም አይነካውም ማለት አይደለም። መልሶ ዶክስ ላይ የከፈተ ሰው ጽሑፉን መለወጥ ይችላል፤ የገጹ አቀማመጥ ይበላሻል እንጂ።

ማህተም ለሚፈልግ ሥራ አትሜ፣ ማህተሜን አሳርፌ፣ በስልኬ በጎግል ድራይቭ ስካን አደርጋለሁ። ያም ፒዲኤፍ ሆኖ ይወጣል፤ ግን ፎቶ ስለሆነ ከዶክስ እንደወጣው ጽሑፍ ኮፒ ማድረግ አይመችም። ለእንደዚህ ዓይነት ደንበኛ ሁለቱንም እልካለሁ፤ ባለማህተሙን ለመሥሪያ ቤቱ፣ ሌላውን ለራሱ። ዋጋው ነፃ፣ ቦታው ከጂሜይልና ከፎቶ ጋር ተደምሮ 15 ጊጋ ባይት። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፤ አምስተኛዋን የያዘብኝ ቁልፉ ነው።