ሺሞናዳ ባቡር ጣቢያ፦ ለሰሜን ሸዋ መንገደኛ የተጻፈ ግምገማ

ጣርማበር አፋፍ ላይ ቆሞ ቆላውን ቁልቁል ያየ ሰው በሺሞናዳ ከፍታ አይገረምም። በጃፓን ሺኮኩ ደሴት፣ ኤሂሜ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ከባሕሩ ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ የተቀመጠ የገጠር ጣቢያ ነው። አንድ ሐዲድ፣ አንድ መሳፈሪያ፣ ትንሽ ጣሪያ፣ ባሕሩን የሚያዩ አግዳሚ ወንበሮች፣ ከኋላ ደግሞ አነስተኛ የእንጨት ቤት። ቲኬት ቆራጭ የለም። በባሕር እይታው ስሙ ገንኖ ሳለ ጣቢያውን ሳያስፋፉት በልኩ መተዋቸው ትልቅ ማስተዋል ነው። ከአምስት ነጥብ አራቱን ሰጥተነዋል፤ አንዷን ያስቀነሰው የባቡሮቹ መራራቅ ነው።

የኤሂሜ ዋና ከተማ ከሆነችው ከማትሱያማ፣ ፈጣን ባልሆነው ተራ ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚሁ ጉዞ ነው። ሺሞናዳ ያለበት የዮሳን የባቡር መስመር ሙካይባራ ጣቢያ ላይ ለሁለት ይከፈላል፦ አንዱ ባሕሩን እየታከከ በናጋሃማ የሚዞረው አሮጌው መንገድ፣ ሌላው በ1986 እ.ኤ.አ. የተከፈተው፣ ተራራውን ሰንጥቆ በኡቺኮ የሚያልፈው አቋራጭ። ኡዋካይ የሚባለው ፈጣን ባቡር በአቋራጩ ስለሚሄድ በእርሱ የተሳፈረ ሰው ሺሞናዳን አያያትም። ሁለቱ መንገዶች ኢዮ-ኦዙ ላይ ተመልሰው ስለሚገናኙ የመጨረሻውን ከተማ ስም ማንበብ ብቻውን አይበቃም። ከመሳፈራችሁ በፊት "በናጋሃማ በኩል ነው?" ብላችሁ ጠይቁ።

የኤሌክትሪክ መስመሩ ኢዮሺ ጣቢያ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ የሚወስዳችሁ በአብዛኛው ባለ አንድ ፉርጎ የናፍጣ ባቡር ነው፤ ሾፌር እንጂ ረዳት የለውም። ሰው ከማይሠራበት ጣቢያ ስትሳፈሩ በኋላው በር ግቡና ከማሽኑ ቁጥር ያለበትን ቁራጭ ወረቀት ውሰዱ። ስትወርዱ ፊት ለፊት ያለው ሰሌዳ ከቁጥራችሁ ሥር የሚያሳየውን ሒሳብ ከወረቀቱ ጋር ሳጥኑ ውስጥ ጨምራችሁ በፊት በር ውጡ። ሳጥኑ መልስ አይሰጥም። አጠገቡ ያለው መዘርዘሪያ ሳንቲምና ባለ 1000 የን ኖት እንጂ 5000 ወይም 10000 አይቀበልም፤ ሺሞናዳ ላይ ካርድ አስነክቶ መክፈልም አይቻልም። ከማትሱያማ ለሚነሳ ሰው እዚያው ቲኬቱን ቆርጦ መሄድ ይቀላል።

ሰዓቱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የጃፓን የጊዜ ሰሌዳ በ24 ሰዓት ስለሚቆጥር 6 ቀንሱለት፤ 17:30 የሚለው በእኛ 11:30 ነው። ሰሜን ሸዋ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አለፍ ሲል ትጠልቃለች፤ በወራት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሺሞናዳ ላይ ግን በሰኔ አጋማሽ ከምሽቱ 1:25 አካባቢ፣ በታኅሣሥ ደግሞ ገና በ11 ሰዓት ትጠልቃለች። በደብረ ብርሃን ልማድ "ወደ 12 ሰዓት ግድም እደርሳለሁ" ያለ ሰው በታኅሣሥ ጨለማ ይቀበለዋል። አቅጣጫዋም ይለወጣል። የእኛ አፋፍ ምሥራቅን ስለሚያይ ውበቱ ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሺሞናዳ ፊቱ ወደ ሰሜን ምዕራብ ስለሆነ ውበቱ ማታ ነው፤ በሰኔ ፀሐይዋ ከባሕሩ ላይ ትገባለች፣ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ግራ ርቃ ታዘነብላለች። በዚያን ጊዜ ከባሕሩ የሚነሳው ነፋስ የብርድ ልምድ ላለውም ይከብዳል፤ ጋቢ ቢኖር አይጠላም።

ጣቢያው በ1935 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። አንድ ወቅት ከጃፓን ጣቢያዎች ሁሉ ለባሕር የቀረበው ይባል ነበር፤ በኋላ የባሕሩ ዳር ተደልድሎ ብሔራዊ መንገድ 378 በመካከል ሲገባ ያ ማዕረግ ቀረ። ፎቶ ስታነሱ ይህን አስቡ። ጠርዙ ጋ ከተጠጋችሁ አስፋልቱና መኪናው አብሮ ይገባል፤ ወደ ኋላ አፈግፍጋችሁ ካሜራውን ዝቅ ስታደርጉት መንገዱ ከመሳፈሪያው ሥር ተደብቆ ጣሪያው፣ ወንበሩና ውኃው ብቻ ይቀራሉ። ሐዲድ ላይ ወርዶ ማንሳት ግን ነውርም አደጋም ነው።

በአብዛኛው ቅዳሜና እሁድ ኢዮናዳ ሞኖጋታሪ የሚባለው የጎብኚዎች ባቡር እዚህ 10 ደቂቃ ያህል ይቆማል። ቀይና ወርቃማ ቀለም የተቀባ፣ ባለ ሦስት ፉርጎ፣ ወንበሩ አስቀድሞ የሚያዝ ነው። ለፎቶ ያ ሰዓት ያምራል፤ ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ግን በሥራ ቀን ይሂድ። በመኪና መሄድን አንመክርም፤ ማቆሚያው ጥቂት ነው፣ ዙሪያውም የሰው መኖሪያ ነው።

ስንቅ ያዙ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎው ራሱ በመስኮት ይመጣል፤ እዚህ መሳፈሪያው ላይ የሚሸጥ ሰው የለም። ከማትሱያማ ስትመጡ አንድ ጣቢያ ቀድማችሁ ኢዮ-ካሚናዳ ብትወርዱ የፉታሚ ባሕር ዳርቻ መናፈሻ ቅርብ ነው፤ ምግብም ይገኛል፣ ቀጣዩንም ባቡር እዚያ መጠበቅ ይቻላል። በሁለት ባቡሮች መካከል ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚያልፍበት ጊዜ ስላለ ሺሞናዳ ስትደርሱ ከሁሉ በፊት የመመለሻውን ሰሌዳ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የማታው መጨረሻ ባቡር የቱ እንደሆነም ፀሐይ ሳትጠልቅ እወቁ።