ኤምዲ-ክሊንዘር፦ ከአንድ ደቂቃ አታሳልፉት

ሩት ካናል፣ ማለትም የጥርስ ሥር ውስጡን የማጽዳት ሕክምና፣ የምሠራ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ዛሬ የምገመግመው የኮሪያው ሜታ ባዮሜድ የሚያመርተውን ኤምዲ-ክሊንዘር ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው 17 ፐርሰንት ኢዲቲኤ፣ ካልሲየም የሚይዝ ኬሚካል፣ ነው። በክሊኒኬ ከእጄ አይጠፋም፤ ወድጄዋለሁ። ግን ሰዓት ሳይዙ የሚጠቀሙት ዕቃ አይደለም።

መጀመሪያ ጥቅሙን ልንገራችሁ። የጥርሱን ሥር ውስጡን በፋይል፣ በቀጭኗ መሞረጃ፣ ስንሞርድ የዴንቲን (የጥርሱ ዋና አካል) ብናኝ ከሞተ ሥጋና ከባክቴሪያ ጋር ተለውሶ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ስሚር ሌየር የምንለው ይህንን ነው። ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ ማለትም በረኪናው፣ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ሥጋውንም ያሟሟል። ማዕድኑን ግን አያነሳም። ኢዲቲኤ ካልሲየሙን ይዞ ስለሚወጣ ያንን ሽፋን ያነሳዋል፤ የዴንቲኑ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። ፈሳሽ መሆኑም ጥሩ ነው። በቀጭን መርፌ እስከ ታች ይደርሳል፣ ከዚያም በቀላሉ ታጥቦ ይወጣል። ለመጨረሻው እጥበት በጄል መልክ ከሚመጣው ኢዲቲኤ እሱን እመርጣለሁ። ጄሉ ፋይሉ በቀላሉ እንዲንሸራተት ይሁን።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ዴንቲን በክብደት 70 ፐርሰንት ገደማ ማዕድን ነው። 20 ፐርሰንት ገደማው በአብዛኛው ኮላጅን የሚባለው የፕሮቲን ክር ሲሆን ቀሪው ውሃ ነው። ማዕድኑ ጠንካራ ያደርገዋል፤ ኮላጅኑ ደግሞ ስናኝክ ቶሎ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ኢዲቲኤ ማዕድኑን ይወስዳል፣ በረኪናው ኮላጅኑን ይበላል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ኢዲቲኤ ሽፋኑን ለማንሳት አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። 10 ደቂቃ ሲቆይ ግን የቀዳዳዎቹ ዙሪያ ተበልቶ ይታያል። በረኪናውም ከ5 ፐርሰንት በላይ ሆኖ ብዙ ሲቆይ የዴንቲኑን የመታጠፍ ጥንካሬ ይቀንሳል። የታከመ ጥርስ ከዓመታት በኋላ ሲሰነጠቅ ዋናው ምክንያት ብዙ ጊዜ የጠፋው የጥርስ አካል ነው። ቢሆንም በፈሳሹ ተጨማሪ ጉዳት የምናደርስበት ምክንያት የለም።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። እኔ ሥሩን እየሞረድኩ በበረኪናው አጥባለሁ። ሲያልቅ በሳላይን፣ ማለትም በንጹሕ የጨው ውሃ፣ ቀጥሎ ኢዲቲኤ ለአንድ ደቂቃ፣ በመጨረሻ እንደገና ሳላይን። ከኢዲቲኤ በኋላ በረኪና የሚደግሙ ባልደረቦች አሉ። ማዕድኑ የተነሳለት ኮላጅን ራቁቱን ስለሚቀር በረኪናው በቀላሉ ይበላዋል፤ ስለዚህ ረጅም ድጋሚ አልወድም። ሁለቱን አንድ ላይ መቀላቀል ደግሞ ፈጽሞ አያስፈልግም። ኢዲቲኤው የበረኪናውን ክሎሪን ወዲያው ያዳክመዋል። ክሎርሄክሲዲን የተባለውን ሌላ ባክቴሪያ ገዳይ የምትጨምሩም ተጠንቀቁ፦ ከበረኪና ጋር ቡናማ፣ ከኢዲቲኤ ጋር ነጭ ዝቃጭ ይሠራል። መሃል ላይ በደንብ እጠቡ።

የቤት በረኪና በግምት አቅጥኖ መጠቀምን በፍጹም አልደግፍም። ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላ ክሎሪኑ በብርሃንና በሙቀት ይደክማል፤ ስንት ፐርሰንት እንደቀረው በዓይን አይታወቅም። ታካሚዎች ግን ወንበሩ ላይ የበረኪና ሽታ ቢሸታችሁ አትደንግጡ፤ ለሩት ካናል ተብሎ የተዘጋጀውም ይሸታል። መጠየቅ ያለባችሁ ጥርሳችሁ ላይ የጎማ ሽፋን፣ ራበር ዳሙ፣ መደረጉን ነው። ፈሳሹ ወደ አፍና ጉሮሮ እንዳይወርድ የሚከለክለው እሱ ነው።

ገንዘባችሁ ለአንድ ጠርሙስ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ደረጃውን የጠበቀ ሃይፖክሎራይት ግዙ። ኢዲቲኤ ብቻውን ባክቴሪያ አያጸዳም። ኤምዲ-ክሊንዘር ሁለተኛው ይሁን። ሥሩ ገና ያላለቀ የሕፃን ቋሚ ጥርስ እንደገና እንዲያድግ ለምትሞክሩ ግን ኢዲቲኤ የግድ ነው። በረኪናው ወደ 1.5 ፐርሰንት ይውረድ። እዚያ ኢዲቲኤው ዴንቲኑ ውስጥ የተቀበሩትን የዕድገት ፕሮቲኖች ስለሚያወጣ ለአዲሶቹ ሴሎች ይጠቅማቸዋል።