ዲሲ አካባቢ አይስ ሆኪ መጫወት ለምትፈልጉ አዋቂዎች፦ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ

ሰላም ወገኖች። ዛሬ አንድ ሰው ላመሰግንና ልጠቁም ነው የመጣሁት። ጉዳዩ አይስ ሆኪ፣ በረዶ ላይ በዱላ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። እዚህ አካባቢ ያለን ሐበሾች ስለ ጠበቃ፣ ስለ መካኒክ፣ ስለ ሞግዚት ስንጠቋቆም ኖረናል። ስለ ሆኪ ሊግ የጠየቀም የጠቆመም ግን አላየሁም። ፈላጊ ጠፍቶ አይደለም። ልጆቻቸውን ለልምምድ አምጥተው መስታወቱ ጋ ቆመው የሚያዩ እናትና አባቶች አጋጥመውኛል። ጠጋ ብለው "በዚህ ዕድሜ መጀመር ይቻላል እንዴ?" ብለው የጠየቁኝም አሉ። ይቻላል። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

የማመሰግናቸው ሰው ሜሪላንድ በኩል ባለ አንድ የበረዶ ሜዳ የአዋቂዎችን ሊግ ያስተባብራሉ። እዚያው ስኬት፣ ማለትም ስለት ያለውን የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ፣ ይሞርዳሉ። ስማቸው በአደባባይ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ አልጽፈውም። ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ እየተጠጋ ነው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። እሳቸውም ለምደውት አቤት ይሉኛል።

እኔ ሆኪ የጀመርኩት ሚኒሶታ፣ ሚኒያፖሊስ ነው። እዚያ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ። ቅዝቃዜው ሲጠና ከተማው ፓርኮቹ ውስጥ ውሃ ያፈስና ሜዳ ይሠራል። አጠገቡ መሞቂያ ክፍል አለ። ከፋይ የለም፣ ተመዝጋቢ የለም፤ ጫማን አስሮ መግባት ነው። እኔንም የሥራ ባልደረቦቼ ጎትተው አስገቡኝና በዚያው ቀረሁ። ከዚያ ሥራ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ አመጣኝ። እንጀራው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ደጄ ላይ ሆነ። ሆኪው ግን ጠፋብኝ።

እዚህ ሜዳው ሁሉ ቤት ውስጥ ነው። ሁሉም በሰዓትና በክፍያ ነው። አርሊንግተን ቦልስተን ያለው፣ የዋሽንግተኑ የሆኪ ቡድን ካፒታልስ የሚለማመድበት ሜዳ እንኳ የመኪና ማቆሚያ ሕንጻ ጣሪያ ላይ፣ 8ኛ ፎቅ ነው የተሠራው። የቦታውን ጥበት ከዚህ ገምቱት። ከትምህርት በኋላ ያለውን ሰዓት የልጆች ቡድኖችና ፊገር ስኬቲንግ የሚማሩት ይይዙታል። ለአዋቂ የሚተርፈው የሌሊቱ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከማታው 4 ሰዓት በኋላ የሚጀምር ጨዋታ ብርቅ አይደለም። ሕፃናት ላሉት፣ በጠዋት ሥራ ለሚገባ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። አስቀድማችሁ እወቁት።

ሊግ ስፈልግ ያስቸገረኝ ግን ሰዓቱ አልነበረም። ደረጃው ነው።

የአዋቂ ሊጎች ደረጃ በፊደል ነው። ኤ የሚባለው ኮሌጅና ከዚያ በላይ የተጫወቱ የሚገቡበት ነው። ከዚያ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እያለ ይወርዳል። አንዳንድ ቦታ ከዲ በታች ለጀማሪ ብቻ የተለየ አለ። ፊደሉ ግን ከአገር አገር እኩል አይደለም። ሚኒሶታ ልጅ ሳይጠነክር ነው ስኬት የሚያደርገው። እዚያ ዲ ላይ የሚጫወት ሰው ሌላ ከተማ ሲሄድ ሲ ላይ ሊመደብ ይችላል። በተገላቢጦሹም ያው ነው። አዲስ ሰው ይህን ከድረ ገጽ ላይ አያገኘውም። ከደረጃው በላይ ከገባ ፓክ (በዱላ የሚመታውን ጠፍጣፋ ክብ ላስቲክ) ሳይነካ ወቅቱ ያልቅበታል። ከደረጃው በታች ከገባ ደግሞ የሌላውን ጨዋታ ያበላሻል። በሁለቱም መንገድ ብዙ ሰው ከፍሎ፣ ተማርሮ፣ ጨዋታውን ትቷል። አንድ ቦታ በኢሜይል ስጠይቅ የመጣልኝ መልስ የክፍያ ሊንክ ብቻ ነበር።

ጋሼ ጋ ስደውል ስለ ክፍያ ምንም አላነሱም። ጠየቁኝ። የት ነው የተጫወትሽው? ወደ ኋላ ትንሸራተቻለሽ? በቀኝም በግራም መቆም ትችያለሽ? ቤት ውስጥ ነው ወይስ ውጭ የተማርሽው? ከዚያ "ነይና ልይሽ" አሉኝ። ስቲክ ኤንድ ፓክ የሚባል ሰዓት አለ። ግጥሚያ የለውም፤ ሰው እየገባ በራሱ ይለማመዳል። በዚያ ሰዓት ሄድኩ። እሳቸው ቡናቸውን ይዘው ከመስታወቱ ጀርባ ቆሙ። ምንም አላሉም። ስወጣ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጡና እንዲህ አሉኝ፦ "እግርሽ ሲ ነው። ዓይንሽ ግን ገና ነው። ፓኩ ሲመጣልሽ አቀርቅረሽ ትቀበያለሽ። አንድ ወቅት ዲ ተጫወቺ፤ ቀና ማለት ስትለምጂ አሻግርሻለሁ።"

ይህን የመሰለ ግልጽ ንግግር ከየት ይገኛል? ልክ ነበሩ። አንድም ሳያስከፉኝ፣ አንድም ሳያሞካሹኝ ነው የነገሩኝ። ከዚያ ሌላ ጥያቄ አስከተሉ፦ "የሚያሸንፍ ቡድን ነው የምትፈልጊው ወይስ የሚያቀብል?" የሚያቀብል አልኩ። ያመጡልኝ ቡድን በትክክል እንደዚያ ነው። ነርስ አለች፣ የአውቶቡስ ሾፌር አለ፣ ጡረታ የወጣ መምህር አለ። ፓክ ይቀባበላሉ። አዲስ ሰው ሲሳሳት አይጮሁበትም።

ሌላው ያስደነቀኝ፣ ሌሎች ሜዳዎች ላይ የሴቶች ሊግ እንዳለ ሳይደብቁ መንገራቸው ነው። "እኛ ጋ ወንድና ሴት ተቀላቅሎ ነው። እዚያ ከተመቸሽ እዚያ ሂጂ" አሉኝ። ደንበኛ ሊያመልጣቸው ይችል ነበር። ሲመክሩ የሚያስቡት ለጠያቂው ነው፤ እኔም ያን ያየሁ ዕለት ነው ከዚህ ሰው ጋር እቆያለሁ ያልኩት።

ስለ ሙረዳው ደግሞ ልንገራችሁ፤ ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የሆኪ ስኬት ስለት እንደ ቢላ አንድ ጠርዝ አይደለም። ሁለት ጠርዝ አለው፤ መሐሉ ጎድጎድ ያለ ነው። ጉድጓዱ ሲጠልቅ ጠርዞቹ በረዶውን አጥብቀው ይነክሳሉ። ሲቀል ደግሞ መንሸራተቱ ይቀናል። ውጭ፣ በሚኒሶታ ብርድ የረጋ በረዶ ድንጋይ ነው፤ ጠለቅ ያለ ስለት ይፈልጋል። የቤት ውስጡ ለስላሳ ነው። የእኔ ስኬት ለውጭው የተሞረደ ስለነበረ እዚህ ለመቆም ስሞክር እየነከሰ ይይዘኝ ነበር። ጋሼ ጫማውን ገልብጠው ወደ መብራቱ አነሡት። ጥፍራቸውን በስለቱ ላይ አሻሹ። ከዚያ ሳንቲም ጠርዞቹ ላይ አጋድመው ሁለቱ እኩል መሆናቸውን አዩ። አንዱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። የጉድጓዱን ልክ ከ3/8 ወደ 1/2 ኢንች አቀለሉት (ቁጥሩ ሲጨምር ጉድጓዱ ይቀላል)፣ ጠርዞቹን አስተካከሉ፣ በመጨረሻ በመሳያ ድንጋይ አሸት አሸት አድርገው ሻካራውን አጠፉት። በዚያው ማታ ልዩነቱን እግሬ አወቀው። እጃቸው ይባረክ።

የሚሞርዱባት ጠባብ ክፍል ግድግዳ ላይ ፎቶዎች አሉ። አንዱ ዊሊ ኦሪ ነው። ጃንዋሪ 18 ቀን 1958 በቦስተን ብሩይንስ ማሊያ ወደ ሜዳ ሲገባ በኤንኤችኤል፣ በሰሜን አሜሪካ ዋናው የሆኪ ሊግ፣ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። ያውም አንድ ዓይኑ ማየት አቁሞ ነበር። ሌላው ኒል ሄንደርሰን ናቸው። ስለ እሳቸው ስጠይቅ ነው የጋሼ ፊት የበራው። ሄንደርሰን በ1970ዎቹ መጨረሻ ዲሲ ደቡብ ምሥራቅ፣ ፎርት ዱፖንት ሜዳ ላይ ለሰፈሩ ልጆች የሆኪ ክለብ አቋቋሙ። ካነንስ ይባላል። በሰሜን አሜሪካ የአናሳ ማኅበረሰብ ልጆችን ከሚያሠለጥኑት ክለቦች ቀደምቱ እሱ ነው። በ2019 ወደ አሜሪካ ሆኪ የክብር መዝገብ ሲገቡ የመጀመሪያው ጥቁር እሳቸው ሆኑ። ጋሼም ልጅ ሳሉ በረዶ የረገጡት እዚያ ነው። መሣሪያ መግዛት የማይችል ልጅ በተዋሰው ጫማ ይጫወት እንደነበር አጫወቱኝ። እሳቸው ዛሬ አዲስ ሰው ሲመጣ "መጀመሪያ ነይና ልይሽ" የሚሉት ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ።

እኔም በተራዬ ስለ አገሬ ነገርኳቸው። በ2006 ቶሪኖ ላይ ሮቤል ተክለማርያም በበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሮ በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እንደሆነ ነገርኳቸው። ስለ ገናም ነገርኳቸው። ጫፉ የተቆለመመ ዱላ፣ ከእንጨት የተጠረበ ሩር፣ ሜዳ ሙሉ ሰው፣ ወዲያና ወዲህ ግብ። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የሚለውን ስተረጉምላቸው ሳቁና "ይህን መልበሻ ክፍሉ በር ላይ መጻፍ ነበር" አሉ። እውነታቸውን ነው። በመዝናኛ ሊግ ሰውን በሰውነት መግጨት ክልክል ነው። ግን ደም የሚፈላበት ሰው የትም አይጠፋም። ጋሼ እንዲህ ያለውን ሰው ጨዋታው ሲያልቅ ለብቻው ጠርተው ያናግሩታል። ካልሰማ በሚቀጥለው ወቅት አይመዘግቡትም። ሊጉ ሰላም የሆነው በዚህ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ለመጀመር የምታስቡ ከሆነ በቀጥታ ሊግ አትግቡ። መንሸራተት ካልቻላችሁ የአዋቂዎች መማሪያ ክፍል አለ። ትንሽ ከቻላችሁ ስቲክ ኤንድ ፓክ፣ ከዚያ ድሮፕ ኢን የሚባለው፣ የተገኘው ሰው ተከፋፍሎ የሚጫወትበት ሰዓት ይሻላል። ለዚያ አንድ ጥቁር አንድ ነጭ ማሊያ ያዙ፤ ቡድን የሚለየው በዚያ ነው። ብዙ ሊጎች ከመመዝገባችሁ በፊት የዩኤስኤ ሆኪ አባልነት ይጠይቃሉ። በየወቅቱ ይታደሳል፤ የጉዳት ኢንሹራንስም አብሮት አለ። ቡድን ለሌላችሁ በግል የምትመዘገቡበት መንገድ አለ፤ አስተባባሪው ሰው የጎደለበት ቡድን ውስጥ ያስገባችኋል። ሙሉ ወቅት መክፈል ከከበዳችሁ በተተኪ ዝርዝር ተጻፉ። ሰው ሲቀር ይደውሉላችኋል። እኔም ቡድን እስካገኝ ያቆዩኝ በዚያ ነው። ግብ ጠባቂ የሆነ ሰው ካለ ደግሞ ምንጣፍ ተነጥፎለት ነው የሚገባው፤ ድሮፕ ኢን ላይ ብዙ ቦታ አይከፍልም።

መሣሪያው ያስፈራል እንጂ ያገለገለ ገዝቶ መጀመር ይቻላል። የጉልበቱ፣ የክርኑ፣ የትከሻው፣ ሱሪው፣ ጓንቱ ሁሉ ያገለገለ ቢሆን ችግር የለውም። ሄልሜቱ ላይ ግን አትቆጥቡ። ጀርባው ላይ የምስክር ተለጣፊ አለ፤ የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። ቀኑ ያለፈበትን በነጻም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ። ስኬት ስትገዙ ደግሞ ከምታደርጉት ጫማ ቁጥር በአንድ ወይም በአንድ ተኩል ያነሰ ነው ልኩ። በቁጥራችሁ ገዝታችሁ እግራችሁ ውስጡ ከዋኘ ቁርጭምጭሚታችሁ ይሰቃያል። ከመግዛታችሁ በፊት ጋሼ ጋ ሄዳችሁ ለክታችሁ እዩ። ሽያጭ ስለሌላቸው የሚነግሯችሁ እውነቱን ነው።

ጋሼ፣ ይህን አማርኛ እንደማያነቡት አውቃለሁ፤ ተርጉሜ አነብልዎታለሁ። ባላውቀው አገር ስመጣ የሚያውቀኝ የሰዎች ስብስብ አገኙልኝ። ከሥራ በኋላ የምሄድበት ቦታ አለኝ። መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ስሜ ሲጠራ "ነይ፣ ዛሬ ክንፍ ላይ ነሽ" የሚለኝ ሰው አለኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ልታገኟቸው የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስልካቸውን ፈቅደው ሰጥተውኛል፤ ለሚጠይቅ አቀብላለሁ። ስትደውሉ የት እንደተጫወታችሁ፣ ከጨዋታው ምን ያህል ጊዜ እንደራቃችሁ በእውነት ንገሯቸው። የመጸው (ፎል) ወቅት የሚጀምረው ሴፕቴምበር አካባቢ ስለሆነ ኦገስት ላይ ደውሉ። ዲ ላይ ቦታው ቶሎ ይሞላል።