ሃስኬል ወይስ ኤሊክሰር? ለድሬ ጀማሪዎች

ድሬዳዋ ሆናችሁ ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ (ፕሮግራምን ፈንክሽኖችን እያቀናጁ የመጻፍ ስልት) ልትጀምሩ ካሰባችሁ፣ ከሃስኬልና ከኤሊክሰር ቋንቋዎች እኔ ኤሊክሰርን አስቀድሙ ባይ ነኝ። የሚሠራው በስዊድኑ የቴሌኮም ኩባንያ ኤሪክሰን ውስጥ ለስልክ ሥርዓት በተፈጠረው በኧርላንግ ቋንቋ ቨርቹዋል ማሽን (ፕሮግራሙን በሚያስኬደው ሶፍትዌር) ላይ ነው። ከሳቢያን እስከ ከዚራ ባጃጅ የሚያስጠራ መተግበሪያ ብትሠሩ፣ ለእያንዳንዱ ጥሪ የራሱን ትንሽ ፕሮሰስ (ለብቻው የሚሄድ ሥራ) ትከፍታላችሁ፤ አንዱ ቢወድቅ ተቆጣጣሪው ፕሮሰስ እንደገና ያስነሳዋል፣ የሌሎቹ ተሳፋሪዎች ጥሪ አይነካም። ኢንተርኔት ቢቋረጥም የፈንክሽኖቹን ማብራሪያ እዚያው ተርሚናሉ ላይ ታነባላችሁ፤ ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ሃስኬል በዳታ ዓይነት ጉዳይ ጥብቅ ነው። ላይኖር የሚችለውን ስልክ ቁጥር «ሜይቢ» ብላችሁ ካወጃችሁት፣ እንደ ተራ ጽሑፍ ልትጠቀሙበት ስትሞክሩ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) አያሳልፋችሁም። ይህን ጥንቃቄ በጣም እወድለታለሁ። የማኅበረሰቡ ጨዋታ ግን ወደ ምርምር ያደላል፤ ሞናድም (ስሌቶችን በቅደም ተከተል የማያያዣ ዘዴ) ብቻውን ለሚማር ይከብዳል፣ ጓደኛ ይዛችሁ ግቡበት።