ወገብ ለሚያማችሁ፦ ደሴ ላይ ሰው አግኝተናል

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። ይህን እንድጽፍ ማንም አልከፈለኝም። የፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴና በእጅ የሚሰጥ ሕክምና) ባለሙያው ራሱ ስሜን አትጥሪ ብሎ ስለለመነኝ ስሙን አልጽፍም። ዝም ብል ግን ይቆጨኛል።

ታናሽ ወንድሜ ኬንያ አብራሪነት እየተማረ ነበር። ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ላይ ከአስተማሪው ጋር ሲለማመድ ሞተሩ አየር ላይ ጠፋ። ካርቡሬተሩ (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው የሞተሩ ክፍል) ውስጥ በረዶ ሠርቶ ነው አለኝ። በሞቃት ቀን በረዶ? አየሩ እርጥብ ከሆነ ይሠራል ይላል፤ ደጋግሞ ቢያስረዳኝም አልገባኝም። ሞተር ስለጠፋ ብቻ እንደ ድንጋይ ቁልቁል አይወረድም፣ እንዲህ ያለችው ከ1 ኪሎ ሜትር ከፍታ እስከ 9 ኪሎ ሜትር ድረስ ልትንሳፈፍ ትችላለች ነው የሚለው። አስተማሪው መሪውን ተቀብሎ ግጦሽ ሜዳ ላይ አሳረፋት። እድሜ ይስጠው! ጎማዋ ግን ቦይ ውስጥ ገብታ ክፉኛ ነጠረች። ወንድሜ አንዱ የወገቡ አከርካሪ ተጎዳ። እዚያው ታከመና አጥንቱ ገጥሟል፣ የቀረህ ፊዚዮቴራፒ ነው ተብሎ ቤቱ ኮምቦልቻ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያየነውን አያሳያችሁ። አንዱ ጋ ራጁን ወደ መስኮት ብልጭ አድርጎ አየና ማስታገሻ መርፌ አዘዘ። ልጁን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ሌላ ቦታ ደግሞ ምን ሆነህ ነው ሲሉት፣ "አውሮፕላን" ከማለቱ ሳቁበት። "ኑ እዩ፣ ከአውሮፕላን ወድቆ የተረፈ!" ብሎ ጓደኞቹን የጠራውን ሰውዬ መቼም አልረሳውም። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ ማንም ሲጠይቀው "ከባጃጅ ወድቄ ነው" ማለት ጀመረ። ገንዘቡስ ይሁን፣ ይሄ ነው ያቃጠለኝ።

ጎረቤታችን ናት ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሚሠራውን ይህን ባለሙያ ልጅ የጠቆመችን። ወገብ እያመመ ሐረጎን፣ ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣውን ጠመዝማዛ ዳገት፣ በሚኒባስ መውጣት ምን እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። (ጋቢና አስቀምጦ ኩርባውን በቀስታ የዞረልንን ሾፌርም እግዜር ይስጠው።)

አንድ ቀን ሕክምናው መሃል መብራት ጠፍቶ ውጭ ጀኔሬተር ይሠራል። እሱም በድንገት ቀጥ አለ። ወንድሜ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጦ ደረቀ፤ ላብ በላብ ሆነ። ወገቡን የነካበት መስሎኝ ልጮህ ነበር። ባለሙያው እጁን አነሳ።

"ያኔም እንዲህ ጸጥ ብሎ ነበር?" አለው።

ወንድሜ አለቀሰ። ለእኛ ያልነገረንን ሁሉ ለእሱ ነገረው። ልጁ ሥራውን አቁሞ፣ ሰዓቱን ሳያይ ሰማው። በር ላይ ወረፋ የሚጠብቁት አባት እንኳ "አብሽሩ፣ እኔ አልቸኩልም" አሉ።

በማግስቱ ስንሄድ ዘበኛው በመስኮት "ላጠፋው ነው!" ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ ጀኔሬተሩ ጠፋ። ሁልጊዜም እንደዚያ ሆነ። ለካ ባለሙያው ነው ያዘዘው! ፍርሃቱን በተመለከተም "ይሄ የኔ ሙያ አይደለም" ብሎ የአእምሮ ሐኪም ጋ ራሱ ደውሎ አገናኘን። የማያውቀውን አላውቅም የሚል ባለሙያ ከየት ይገኛል?

ምን ምን እንዳሠራው አትጠይቁኝ። ላስቲክ አለ፣ ትልቅ ኳስ አለ፣ ቤት የሚሠራም አለው። እኔ የማውቀው ወንድሜ አሁን ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስራል። ባለፈው ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄዷል፤ ያውም መስኮት በኩል ተቀምጦ። ወደ ትምህርቱ ይመለስ አይመለስ ገና አልወሰነም። እናቴ ግን ወሬውንም መስማት አትፈልግም።

ወገብ፣ ጉልበት፣ አንገት የሚያማችሁ እባካችሁ ሂዱ። ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ! ስንት ጊዜ መመላለስ እንዳለባችሁና ዋጋውን ሳይጀምር ይነግራችኋል። አድራሻውን ለጠየቀኝ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ከሰዓት ወረፋ ስለሚበዛ ጠዋት ሂዱ፤ የድሮ ራጃችሁንም ያዙ፣ እሱ በደንብ ያየዋል።